በማርያም ቀን አትሠራም

አባቴን ብዙ ጊዜ አሳዝኛቸዋለሁ። ለእናቴ ሙት ዓመት ሳልደርስ ቀርቻለሁ፤ አግባ ሲሉኝ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያቸዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃቸው ያለፈበት ጊዜም አለ። የዋሸኋቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውሸቱ ሁለት ቃል ነበር። ቆሎ እየቆረጠምሁ ነው የተናገርሁት፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ሥራዬ ፋብሪካን ያለ ሰው እጅ ማሠራት ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ለማስረዳት ብዙ ለፍቻለሁ። «አውቶሜሽን መሐንዲስ ነኝ» ስል ሰዉ ዓይኑ ይፈዛል። ስለዚህ «ማሽን ራሷን እንድትጠብቅ አስተምራለሁ» ማለት ጀመርሁ። አባቴ ይህችን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና «እንግዲያው የቆሎ ትምህርት ቤት ከፍተሃል በለኛ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ማሽኖች ሁሉ «ተማሪዎችህ» ሆኑ። በስልክ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ እነሱ ነበር፤ «ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው? ትምህርቱ ገባቸው?» ይሉኛል።

ሞላሌ ዳር የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሊተከል ነው ሲባል አዲስ አበባ ነበርሁ። ለሌላ ሰው የታሰበውን ሥራ ለምኜ ወሰድሁት። የመንዝ በግ ጠጉር ባና ሆኖ ስንቱን ትውልድ ከብርድ አውጥቷል። አሁን አሁን ወጣቱ ባናውን ከብዶት ከገበያ ስስ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ጠጉሩም በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ይበሰብሳል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አገሬ ገብቼ መታየት ፈልጌያለሁ። እንኳን እኔ፣ ከኔ የተሻለ ጨዋ ሰውም ይህን ይፈልጋል።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ከእርሻ ሲያርፉ ደግሞ ባና ይሠሩ ነበር። እናቴ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ። እሷ ከሞተች በኋላ ዕቃውን ጠቅልለው ጣሪያ ሥር ሰቀሉት፤ «በሰው ፈትል አልሠራም» ብለው። ጉልበታቸው ሲደክም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ቁጭ አሉ። ቁጭ ማለት ደግሞ አይችሉበትም። ስለዚህ በፋብሪካው የጥበቃ ሥራ አገኘሁላቸው። የሰጧቸው ካፖርት ትከሻቸው ላይ ይሰፋል፤ ቆቡን ግን በማዕረግ ነበር የሚደፉት። ተራቸው ባልሆነ ቀንም ይመጣሉ። «ተማሪዎቹን ልያቸው» ብለው ይገባሉ፤ የመሐንዲሱ አባት ናቸውና ማንም አይከለክላቸውም።

ደግሞም የዚያን ፋብሪካ ግማሹን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ መበጠሪያው ይገባል። መበጠሪያው የብረት ጥርስ ያላቸው ሁለት ትላልቅ ከበሮዎች ፊትና ኋላ የሚሽከረከሩበት ሣጥን ነው፤ የተቋጠረውን ጠጉር ይፈታል። መጀመሪያ ላይ እምቢ አለን። ጠጉሩ ከበሮው ላይ ሲደርስ እንደ ገለባ ይበናል፣ የሚወጣውም ክር እየተበጣጠሰ ያስቸግራል። ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ያዘዘውን የእርጥበት መጠን ሞከርሁ፤ ጨመርሁ፣ ቀነስሁ፤ ሳምንት ሙሉ ወገቤ ተቆረጠ። አባቴ ከበሩ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና መጥተው ከማጓጓዣው ላይ አንድ እፍኝ አንሥተው ከንፈራቸው ላይ አሳረፉት።

«ደርቆብሃል» አሉኝ። «የኛ በግ ጠጉሯ ሸካራ ነው። ከንፈርህ ላይ ቀዝቀዝ ካላለህ አልደረሰም።»

«አባባ፣ ማሽኑ እኮ ከንፈር የለውም።»

«እኔ አለኝ አይደል?»

ሁለት ቀን አብረን ሠራን። እሳቸው ከማድረቂያው አፍ ላይ እፍኝ እፍኝ እያነሡ ከንፈራቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ «ይኼ ገና ነው፣ ይኼ አልፏል» ይላሉ። «ይኼስ በቃው» ሲሉ የእርጥበት መለኪያው ሴንሰር ያነበበውን ቁጥር እጽፋለሁ። በመጨረሻ የተገኘው ቁጥር መጽሐፉ ካለው እጅግ የራቀ ነበር፤ ጠጉሩ ግን መብነኑን ተወ። ቁጥሩ ዛሬም በፋብሪካው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ማሽኑን የሸጡልን ባለሙያዎች በምን ቀመር እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ «በሙከራ» አልኋቸው። ለአባቴ ስነግራቸው እስከ ማታ ሲስቁ ዋሉ። ከአባቴ ጋር እኩል ቆሜ የሠራሁት በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

ችግሩ በዓል ነበር። የመንዝ ሰው በዓል ይሽራል ብሎ የሚጠብቅ መንዝን አያውቅም። አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር ወሩ ተሸራርፎ አለቀ። ሠራተኛው ቢቀጡትም ይቀጣል እንጂ አይመጣም። ሥራ አስኪያጁ የከተማ ሰው ነው፤ ጭንቅላቱን ይዞ «ይህ አገር የሚሠራው መቼ ነው?» ይለኛል። እኔም አንድ ቀን ፈጠን ብዬ «ሰዉን ተወው። ማሽኑ አያስቀድስ፣ አይዘክር፤ በበዓል ብቻውን ይሥራ» አልሁት። ለቀልድ ነበር የጀመርሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በነጋታው ዕቅዱን ጻፍልኝ አለኝ።

ጻፍሁ። በዋዜማው ሠራተኞች ጠጉሩን በትልቁ ማጠራቀሚያ ሞልተው ይሄዳሉ። በበዓሉ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማጠቢያው ራሱ ይነሣል፤ ማድረቂያው ይከተላል፤ መበጠሪያው ደግሞ ከፊተኛው ቀን የተረፈውን እየፈታ አብሯቸው ይጀምራል። አንድ ነገር ቢያንቀው ራሱ ያውቃል፤ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ዞሮ ያንን ነገር ይተፋዋል፣ እንደገና ይቀጥላል። ማታ ራሱ ይተኛል። ሰው የሚባል የለም። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው፤ የሚያመኝም ይኸው ነው።

ወሬው ከመቼው ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጥበቃ ቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ እየሞቅን ቆሎ ስንበላ አባቴ ጠየቁኝ።

«በበዓል ብቻዋን እንድትሠራ እያስተማርሃት ነው ይባላል።»

«እየሞከርን ነው፣ አባባ።»

ቆሎውን ቆርጥመው ዋጡ። ከዚያ «ሌላው በዓል ሌላ ነው» አሉ። «ውርጭ ሲመጣ ገበሬም በበዓል ገብሱን ያነሣል፤ እግዜር ይረዳለታል። በማርያም ቀንስ ትሠራለች?»

«አትሠራም፣ አባባ።»

«ማርያምን በል» አላሉኝም። ማንንም ሰው ያስምላሉ፤ በግ ሻጭ ያስምላሉ፣ ጎረቤት ያስምላሉ። እኔን አላስማሉኝም።

እናቴ እኔን ስታምጥ ሦስት ቀን ተሰቃይታለች። አባቴ የዚያን ጊዜ ለማርያም ተሳሉ፤ እኔና እናቴ በሕይወት ተርፈን ስንገኝ ማኅበሯን ጠጡ። ከዚያ ወዲህ በወር በወሩ በሃያ አንድ ቀን እጃቸው ሥራ ነክቶ አያውቅም፤ እንጨት እንኳ አይፈልጡም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራቸው ካፖርቱን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ አስረክበው ይሄዱ ነበር። ማኅበርተኛው ይሰማል፣ አገር ይሰማል፣ ለሥራ አስኪያጁ የገባሁት ቃል ውሃ ይበላዋል። አንዴ ሠርታ ካየኋት በኋላ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ አልሁ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ሊያስረዳ ያስባል።

እሳቸው ግን ቃሌን ይዘው ማኅበር ላይ ተናገሩት። «ልጄን ጠይቄዋለሁ፤ በማርያም አትሠራም» አሉ። አገሩም እፎይ አለ። ገበያ ላይ አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት አስቁመውኝ፣ ግንባሬን ይዘው፣ «እመቤቴ ታሳድግህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ የጥቅምት ማርያም ላይ ወደቀ። ቀኑን አልመረጥሁትም። የማጠቢያው መለዋወጫ ዘገየ፣ ሙከራው ከሚካኤል ተገፋ፣ ከገብርኤልም ተገፋ፣ እሷ ላይ አረፈ። ሁለት ቀን ገፋ ባደርገው ጊዮርጊስ ነበር። ሁለት ቀን! ሥራ አስኪያጁ ግን ቀኑን ለአለቆቹ ተናግሮ ነበር፤ እኔም «ይገፋ» ለማለት ምክንያቱን መናገር ግድ ሆነብኝ። ለአባቴ ዋሽቻለሁ ብዬ ለሥራ አስኪያጅ ልናገር? አፈርሁ።

በዋዜማው ሁለት ነገር አደረግሁ። ማሽኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ሦስት ጊዜ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ደወል አለ፤ ጩኸቱ ከፋብሪካው አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል። ነቀልሁት። ማሽኖቹ ራሳቸው ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ናቸው፤ ከአጥሩ ውጭ ድምፃቸው አይወጣም። ሁለተኛው የመበጠሪያው በር ነው። በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ትንሽ መቆጣጠሪያ ተገጥሞበታል። የጠጉር ብናኝ እየገባበት በሩ ዝግ ሆኖ ሳለ ተከፍቷል እያለ በየሰዓቱ ያስቆመን ነበር። በሥራ ቀን አንድ ሰው ጠራርጎ ያስነሣዋል። በበዓል ማን ይጠርገዋል? ጣት በማትሞላ ሽቦ አገናኝቼ ዘለልሁት። ከዚያ በኋላ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ለኮምፒውተሩ ዝግ ነው። አታድርጉ ተብለን በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ይህንን ነው። ነገ ማታ አነሣዋለሁ ብዬ እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

በነጋታው እኔና ሥራ አስኪያጁ ሞላሌ መሐል ሻይ ቤት ተቀመጥን። ፋብሪካው ያለ ሰው መሥራቱን ለማሳየት እኛም መራቅ አለብን ብለን ነው። የየማሽኑ ሁኔታ በስልኬ ላይ ይታያል። አራት ሰዓት ሞላ። ማጠቢያው አረንጓዴ ሆነ። ማድረቂያው አረንጓዴ ሆነ። መበጠሪያው አረንጓዴ ሆነና ወዲያው ቀላ።

ሥራ አስኪያጁ «ምንድን ነው?» ሲለኝ እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ በራሴ እጅ የጻፍሁት መልእክት መጣ፤ «መጨናነቅ ተፈጥሯል። ተወግዷል። ሥራ ቀጥሏል።» አረንጓዴው ተመለሰ።

«አየኸው?» አልሁት። «ሰው ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።»

ተጨባበጥን። ሻይ ደገምን። ያችን ሻይ ጠጥቼ ጨርሻታለሁ።

ስልኬ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። የዕለቱ ተረኛ ጥበቃ ነበር። «አባትህ ይጠሩሃል፤ ቶሎ ና!» አለኝ።

የሆነውን በኋላ ከእሱም ከራሳቸውም ሰማሁ። አባቴ አስቀድሰው ሲወጡ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ቀዱ። ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ተጉዘው ፋብሪካው በር ደረሱ። ተረኛው «ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?» ሲላቸው «ተማሪዎቹ ዛሬ ዕረፍት ናቸው፤ በሥራ ቀንማ ጠበል ሲረጩባቸው መች ይወዳሉ!» አሉት። እሱም በር ጠባቂ ብቻ ነው፤ ስለ ሙከራው የነገረው የለም። ማንም እንዳይሰማ ብዬ ለጥበቃው እንኳ አልተናገርሁም ነበር። ከፈተላቸው።

ማጠቢያውን ረጩ። ማድረቂያውን ረጩ። ኮምፒውተሩ ያለበት ቁምሣጥን ጋ ሲደርሱ ጠበሉን ትተው በጣታቸው ብቻ አማተቡበት፤ ኤሌክትሪክ ውሃ እንደማይወድ ነግሬያቸው ነበር። መበጠሪያውን ከላይ መርጨት አላረካቸውም። ቀን ቀን ሠራተኞቹ ስለ ጥርሶቹ ክፉ ክፉ ሲያወሩ ይሰሙ ነበርና በሩን ከፍተው፣ ጠበሉን በመዳፋቸው ይዘው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። በስመ አብ ብለው፣ ወወልድ ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ተነሣ።

ወደ ኋላ የዞረው፣ የያዘውን የተፋው፣ ሥራውን የቀጠለው እንዳስተማርሁት ነው።

ተረኛው ጩኸት ሰምቶ ሲገባ አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል። መበጠሪያው አጠገባቸው ጠጉሩን ይፈታል። ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ፤ ባይነግረኝ እመርጥ ነበር። «ልጄን ጥራልኝ» ነው ያሉት። «ተሳስታለች። ዛሬ አትሠራም ነበር።»

መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ተላኩ። እጃቸው ከክንዳቸው አጋማሽ ላይ ተቆረጠ። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። ውሃ ስሰጣቸው «ተባረክ» ይሉኛል።

በሦስተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ እንደ ተከሉ ጠየቁኝ።

«እውነት ተሳስታ ነው?»

ተሳስታ ነው ማለት ቀላል ነበር። ሁሉም ተዘጋጅቶ ቀርቦልኛል። ግን አልቻልሁም።

«አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ ያዘዝኋት።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀኑን አስቀድሜ ማወቄን፣ ደወሉን መንቀሌን፣ ሽቦዋን። ለገበሬ እንደሚገባው አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳልተው። ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምግብ ስሰጣቸው አፋቸውን አልከፈቱም፤ አጠገባቸው የተኛው ሽማግሌ አስታማሚ ሲያጎርሳቸው ግን በሉ። እዚያ ቆሜ አየሁ። ከእጃቸው መቆረጥ ይልቅ ያ አንጀቴን በላው።

በነጋታው ጠዋት ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያችን ሽቦ ማን አያት?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ሂድ አንሣት።»

ሄጄ አነሣኋት። ደወሉንም መልሼ ገጠምሁ። የሄድሁት ታዝዤ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። እፎይ ብዬ ነው የሄድሁት፤ መኪናው ሲፈጥን እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የፋብሪካው ባለቤቶች የላኳቸው ሦስት መርማሪዎች መጡ። ስብሰባው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሆነ። ማሽኑን የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ ከጠረጴዛው በዚያኛው ወገን፣ ከጠያቂዎቹ ጋር አስቀመጡኝ። አባቴ ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ካፖርቱን ለብሰው፣ ቆቡን ደፍተው መጥተዋል፤ የቀኙን እጅጌ ሰው አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞላቸዋል። ከመርማሪዎቹ አንዷ ሴት ነበረች፤ በጨዋነት ነው የጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ማሽኗ በበዓል እንደምትነሣ የነገረዎት ሰው ነበር?»

«ልጄ ነግሮኛል። በበዓልም ትነሣለችና አይቅረቧት ብሎኛል።»

«ደወሉስ? ሦስት ጊዜ ይጮኻል።»

«ጮኾ ይሆናል። ጆሮዬ ደክሟል።»

የአባቴ ጆሮ ከበግ በረት ወዲያ ማዶ የሚንሾካሾክ ሰው ይሰማል።

«በሩ ሲከፈት ማሽኑ መቆም ነበረበት። አይተነዋል፤ ይሠራል። እንዴት ሆኖ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ። ሽማግሌ ነኝ። የማይነካ ነገር ነካክቼ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጻፊው።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። ሰዉ ሁሉ የእኔን ቃል የሚጠብቅ መሰለኝ። ምናልባት እንዲያ የታየው ለኔ ብቻ ነው። «አይደለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «የምትጨምረው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልሁ።

ጻፈች። ለአባቴ ተነበበላቸው። የቄስ ትምህርት ቤት የገቡ ናቸውና ስማቸውን መጻፍ ይችሉ ነበር፤ በግራቸው ስላልቻሉ በአውራ ጣት ፈረሙ። ከሥር እኔ ፈረምሁ።

ስንወጣ የዚያን ቀን ተረኛ የነበረው ጥበቃ በሩ ላይ ቆሟል። አባቴ ቀድመውን እስኪያልፉ ጠበቀ። «ደወል የሚባል እኔም አልሰማሁም እኮ» አለኝ በቀስታ። አየኝ፤ አባቴንም አሻግሮ አየ። «ይሁን፤ የወለደ አይጸድቅም» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

አባቴ በጥንቃቄ ጉድለት ከሥራ ተሰናበቱ። ካፖርቱንና ቆቡን አስረከቡ። ፋብሪካው በበዓል መሥራቱን ቀጠለ፤ በማርያምም ይሠራል፤ አሁን ደወሉ ሲጮኽ አገር ይሰማል። ማኅበርተኞቹ «ልጄን ጠይቄዋለሁ ብለኸን ነበር» ሲሏቸው «እኔ ነኝ ተሳስቼ የሰማሁት» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ላይ ሲናገሩ ሰዉ እንደ ድሮው አያዳምጣቸውም ብሎ እኩል አራሹ ነገረኝ። እኔ ግን ተመሰገንሁ። ዕቅዴ ተወደደና ሌላ ቦታ ሌላ ፋብሪካ ሰጡኝ። እዚያ የምገጥመው በር ሁሉ ሁለት ሁለት መቆጣጠሪያ አለው። አለቆቼ ጥንቁቅ ነው ይሉኛል።

በሁዳዴ ፈቃድ ወስጄ አባቴ ቤት ሄድሁ። በደስታ ተቀበሉኝ። በግራ እጃቸው እህል መዝገን ለምደዋል፤ የጫማቸውን ማሰሪያ በጥርሳቸው ይስባሉ። ስለ አዲሱ ፋብሪካ ጠየቁኝ፣ ስለ ገብሱ አወሩኝ፣ ስለ ማግባቴም ነገር አነሡ። «ተማሪዎችህ» አላሉም። አንድም ጊዜ አላሉም። እኔም ያንን ቃል ለመስማት ስጠብቅ አመሸሁ።

ንጋት ላይ ስነቃ መደባቸው ባዶ ነው። ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ውርጭ ባረፈበት ሣር ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይሰግዳሉ። የተቆረጠችውን ቀኝ ክንዳቸውን ሆዳቸው ላይ አጣብቀዋል። በግራ እጃቸው መሬቱን ይይዛሉ፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ከዚያ ለመነሣት ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ይቆያሉ። አንዴ ሚዛናቸውን ስተው ወደ ቀኝ ወደቁ፤ የሚደገፉበት እጅ እዚያ አልነበረም። ልሮጥ ስል ተነሡና ቀጠሉ። ከግድግዳው ሥር ቆሜ ቆጠርሁ። ሥራዬ ነው፤ የሚደጋገም ነገር ሳይ እቆጥራለሁ። አርባ ሆነ።

ሲጨርሱ አዩኝ። አልደነገጡም።

«ምንድን ነው፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ዋሸሁት።»

«ስንት አዘዙዎት?»

«በቀን ሃያ። እስከ ስቅለት።»

«አርባ ሰገዱ እኮ። ቆጥሬያለሁ።»

የወደቀ ጋቢያቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው ትከሻቸው ላይ ሊጥሉ ሞከሩ፤ ተንሸራተተባቸው። እንደገና ሞከሩ። ተቀብዬ አለበስኋቸው።

«ሃያው ያንተ ነው» አሉኝ።